ስለ ሞተር ብሲክሌት ዋስትና

ሰው በገንዘቡ የሚገዛው መኪና ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን በዓይን የሚታየው፥ በእጅ የሚዳሰሰው ብረቱ ነው፤ ሁለተኛው ወገን ከብረቱ ጋራ የሚሰጠው የሻጩ ቃል ነው። ብረቱን ገዢ ሁሉ ዞሮ ያየዋል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ጎማውን በእጁ ይመታል። ቃሉን ግን አንብቦና አስተውሎ የሚገዛ እጅግ ጥቂት ነው። ወረቀቱን አጣጥፎ ከሊብሬው ጋራ በሣጥን ያኖረዋል፤ የሚያወጣውም መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በወረቀቱ የሚያነበው ነገርና በልቡ ይዞት የነበረው ተስፋ ሳይገናኙ ይቀሩና ጠብ ይነሣል። ገዢው «ተታለልሁ» ይላል፤ ሻጩ «ቀድሞ ተጽፎልሃል» ይላል። ስለዚህ የሞተር ብሲክሌትና የባጃጅ ዋስትና ምን እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን፥ ይልቁንም በድሬ ዳዋ ከተማ ነገሩ ስለምን እንደሚከብድ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጥ እንወዳለን።

ድሬ ዳዋ ከተቈረቈረች ጀምሮ የመንኰራኵር ከተማ ናት። የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ቆላ በደረሰ ጊዜ ከተማዪቱ ከሐዲዱ ጋራ ተወለደች፤ የባቡሩ መጠገኛ ቤትም በዚሁ ስለ ተሠራ ሞተር መፍታትና መግጠም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የከተማው ሙያ ሆነ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም የባቡሩ ጋራዥና የሠራተኛው መንደር ከድሬ ዳዋ አልተነሡም። ዛሬ ደግሞ ከከዚራ ዛፎች ጥላ እስከ መጋላ ጠባብ መንገድ፥ ከቀፊራ ገበያ እስከ ሳቢያን ሕዝቡንና የነጋዴውን ዕቃ የሚያመላልሱት ባለሦስት እግሩ ባጃጅና ባለሁለት እግሩ ሞተር ብሲክሌት ናቸው።

ይህን መኪና የሚገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለጠጋ አይደለም። ዕቁብ ጥሎ፥ ከዘመድ ተበድሮ ወይም ከቁጠባና ብድር ማኅበር ወስዶ የሚገዛ ነው፤ ባንድ ባጃጅም የባለቤቱና የሹፌሩ ሁለት ቤተ ሰብ ይተዳደሩበታል። ሞተሩ አንድ ወር የቆመ እንደ ሆነ ቤቱ አንድ ወር ይጾማል፤ ዕዳው ግን አይጾምም። እንግዲህ የዋስትናው ነገር የወረቀት ጨዋታ ሳይሆን የእንጀራ ነገር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

«ዋስትና» የሚለው ቃል ለኛ አዲስ አይደለም። በአገራችን ገበያ በሬ ወይም በቅሎ የሚሸጥ ሰው ዋስ እንዲጠራ መጠየቁ የቆየ ልማድ ነው፤ ከብቱ የሌላ ሰው ገንዘብ ሆኖ ቢገኝ ገዢው ባዶ እጁን እንዳይቀር ዋሱ ይቆምለታል። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተሰብስቦ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። በጥንቱ በሮማ ከተማ ገበያውን የሚጠብቁ ሹማምት ከብት የሚሸጥ ሰው የከብቱን ነውር ለገዢው ገልጦ እንዲናገር በዐዋጅ ያስገድዱ ነበር። ከዚያም እጅግ አስቀድሞ፥ ክርስቶስ ከመወለዱ ከ1,700 ዓመት በፊት፥ የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ በድንጋይ ባስቀረጸው ሕግ፥ ጀልባ የሠራ ሰው ጀልባው በዚያው ዓመት ጕድለት ቢገኝበት በራሱ ገንዘብ አፍርሶ አጽንቶ እንዲሠራው አዝዟል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ዋስትና የዛሬ ፋብሪካዎች በቸርነታቸው የፈለሰፉት ነገር አይደለም፤ ሠሪ ለሥራው፥ ሻጭም ለሸጠው እንዲጠየቅ የሚያዝዘው የጥንት ፍርድ ነው።

በኛም ዘመን ሕጉ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 2287 ጀምሮ ባሉት አንቀጾች፥ ሻጭ የሸጠው ዕቃ እንደ ውሉ የሆነና ጕድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ጕድለት የሚባለውም ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገውን ጠባይ ያጣ እንደ ሆነ ነው። ዳሩ ግን ሕጉ ለገዢውም ሁለት ግዴታ ሰጥቶታል፤ የተረከበውን ዕቃ በተቻለ ፍጥነት መመርመር፥ ጕድለት ያገኘም እንደ ሆነ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይገባዋል። ክስ የሚቀርብበት ጊዜም የተወሰነ ስለ ሆነ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ዘግይቶ የሚያመለክት ሰው እውነት ይዞ ሊረታ ይችላል። ሻጩ ደግሞ ጕድለቱን እያወቀ በተንኰል የሰወረ እንደ ሆነ «ዋስ አልሆንም» ብሎ በውሉ ያጻፈው ቃል አያድነውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ አስገድዶ፥ ጕድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማችም በአጭር ጊዜ ውስጥ አመልክቶ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል።

ከዚህ እንደምናየው ዋስትናው ሁለት ነው። አንደኛው ሕግ የሚሰጠው ነው፤ ወረቀት ቢኖርም ባይኖርም ከሽያጩ ጋራ ይወለዳል። ሁለተኛው ፋብሪካው ወይም አስመጪው በፈቃዱ የሚጨምረው፥ በወረቀት የተጻፈው፥ ጊዜና ወሰን ያለው ነው። «የዋስትና ወረቀት ስላልተሰጠኝ መብት የለኝም» ብሎ የሚመለስ ገዢ ራሱን ይበድላል፤ «ወረቀት ይዣለሁና የተሰበረው ሁሉ ይጠገንልኛል» የሚለው ደግሞ ራሱን ያታልላል።

የፋብሪካው ዋስትና የሚሸፍነው ባጭር ቃል ሲነገር የፋብሪካውን ጥፋት ነው። ብረቱ ክፉ ሆኖ ቢሰነጠቅ፥ የካምቢዮው ጥርስ በአሠራሩ ጕድለት ቢሰበር፥ ሻንሲው በብየዳው ላይ ቢላቀቅ፥ የኤሌክትሪኩ ሽቦ በተሳሳተ አገጣጠም ቢቃጠል፥ የተበላሸው ክፍል ያለ ዋጋ ይጠገናል ወይም ይለወጣል። ነገር ግን «ያለ ዋጋ» የሚለው ቃል መለዋወጫውን ብቻ ይሁን ወይስ የሠራተኛውንም የእጅ ዋጋ ይጨምር እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። መኪናው ቆሞ በሚጠገንበት ጊዜ የቀረውን የዕለት ገቢ ግን የዋስትናው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

የዋስትናው ዕድሜ የሚለካው በጊዜና በመንገድ ነው፤ ከሁለቱ አስቀድሞ የደረሰው ዋስትናውን ይዘጋዋል። ይህች አንዲት መስመር በብዙ ሰው ዘንድ ሳትነበብ ትቀራለች። በወረቀቱ ላይ አንድ ዓመት ወይም 12,000 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተጽፏል እንበል። ሞተሩን ከቤቱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ብቻ የሚነዳ ሰው የዓመቱን ዋስትና ሙሉውን ያገኛል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባጃጅ ግን 12,000 ኪሎ ሜትሩን በ120 ቀን ይጨርሰዋል፤ እንግዲህ ለሠራተኛው ሰው ያ የአንድ ዓመት ዋስትና የአራት ወር ዋስትና ነው። አንዳንዱም ወረቀት ለኪራይ የሚሠራውን መኪና ፈጽሞ ያስወጣል ወይም ዕድሜውን ያሳጥርበታል። ስለዚህ ባጃጅ የሚገዛ ሰው ከቀኑ ይልቅ ኪሎ ሜትሩን ይመልከት።

ከዋስትናው ውጭ የሚሆኑት ነገሮች ሦስት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ለማለቅ የተሠራው ነው፤ ጎማ፥ የፍሬን ሸራ፥ የፍሪሲዮን ሸራ፥ ሰንሰለት፥ ካንዴላ፥ አምፑልና ፊልትሮ በሥራ የሚያልቁ ናቸውና ባለቤቱ በገንዘቡ ይለውጣቸዋል። ጧፍ ነድዶ ስላለቀ ጧፍ ሻጩ አይከሰስም፤ ክሩ ጐድሎ ከመካከል ቢጠፋ ግን ይጠየቃል። እንደዚሁም የፍሬን ሸራ በስምንት ወር ቢያልቅ ሥራው ነው፤ በስምንት ቀን ተሰነጣጥቆ ቢወድቅ ግን ጕድለት ነው። ሁለተኛው ወገን በአደጋ፥ በጐርፍ፥ በእሳት ወይም በስርቆት የሚደርሰው ጕዳት ነው፤ ይህ የመድን እንጂ የዋስትና ሥራ አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ባንድ ስም ስለሚጠራቸው ይሳሳታል። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 799 መሠረት ባለ መኪና ሁሉ የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን እንኳ የሚክሰው መኪናው የጐዳውን ሌላውን ሰው ነው፤ የባለቤቱን ሞተር ለመጠገን የተሠራ አይደለም። ሦስተኛው ወገን ባለቤቱ በገዛ እጁ ያፈረሰው ነው።

በገዛ እጅ ማፍረስ የሚባለው ዋስትናውን ጭራሹን የሚያስቀረው ነገር ስለ ሆነ ጥቂት ልንቆይበት ይገባል። አዲስ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር በሄደ ጊዜ የመጀመሪያው ምርመራ ይደረግለታል፤ አዲሶቹ ብረቶች እርስ በርሳቸው ሲላመዱ የሚረግፈው ደቃቅ ብረት ከዘይቱ ጋራ ይወጣል። ይህን ምርመራ ያለፈ ወይም በወረቀቱ ላይ ማኅተም ሳያስደርግ የቀረ ሰው በኋላ ሞተሩ ቢነክስ የሚሰማው የለም። እንዲሁም የኪሎ ሜትር ቈጣሪውን የፈታ፥ ሻንሲውን ቈርጦ የበየደ፥ ከተፈቀደው በላይ የጫነ፥ ያልተፈቀደ ዘይት የጨመረ፥ ሞተሩን ባልተፈቀደለት ጋራዥ ያስፈታ ሰው ለሻጩ ማምለጫ በር ከፍቶለታል።

አሁን ነገሩ በድሬ ዳዋ ስለምን እንደሚከብድ እንመልከት። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ሙቀቱ የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል፥ ጎማውንም ቶሎ ያስረጃል። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለበት የአሸዋ መንገድ ነው፤ ነፋሱ የሚያነሣው ደቃቅ አሸዋ የአየሩን ፊልትሮ ደፍኖ፥ ፊልትሮው ያልጸዳ እንደ ሆነ ወደ ሞተሩ ገብቶ ፒስተኑን ይፍቃል። ያ ደረቅ ወንዝ ባንድ ሌሊት ምን እንደሚሆን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው በጐርፉ በሞተ ጊዜ አገሩ ሁሉ አይቷል። ወደ ሐረር የሚወጣው ሞተር ብሲክሌት ደግሞ የደንገጎን ዳገት ይወጣል፤ ሲወጣ ፍሪሲዮኑ ይግላል፥ ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል። በከተማው ውስጥም ለሦስት ተሳፋሪ የተሠራው ባጃጅ አራትና አምስት ሰው ሲጭን እናያለን። እንዲህ ባለ አገር የሚሠራ ሞተር ሲሰበር ጥፋቱ የብረቱ ይሁን የአሸዋው፥ የፋብሪካው ይሁን የነጂው፥ ለመለየት እጅግ የሚያስቸግር ነው።

የክርክሩም ሥር ይህ ነው። ሞተሩን ፈትቶ መርምሮ «ይህ የፋብሪካ ጕድለት ነው» ወይም «ይህ የአያያዝ ጥፋት ነው» ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ የሻጩ የራሱ ጋራዥ ነው። በዚያ ያለው ባለሙያ እውነተኛ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚከፍለው ጌታው ነውና ገዢው በፍርዱ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ማንም ሰው በገዛ ጕዳዩ ዳኛ እንዳይሆን የፍርድ ሥርዓት የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬ ዳዋ ደግሞ ባለሙያ የጠፋባት ከተማ አይደለችም። ከባቡሩ ጋራዥ የወጣ የቆየ ሙያ አላት፤ በድሬ ዳዋ ዩኒቨርስቲም የቴክኖሎጂ ትምህርት ይሰጣል። ከነዚህ ወገን የተመረጠ፥ ከሻጩም ከገዢውም ያልተወዳጀ መርማሪ የሚገኝበት ሥርዓት ቢቆም ብዙ ክርክር ከፍርድ ቤት ደጅ ሳይደርስ ይቈረጥ ነበር።

ሌላው የከተማዪቱ ችግር ከአቀማመጧ የሚመጣ ነው። ድሬ ዳዋ የጅቡቲ መንገድ በር ናት፤ አዲሱ የባቡር ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ፥ ነፃ የንግድ ቀጠናውም በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የዕቃው መግቢያ ሰፍቷል። በር ባለበት ደግሞ በትክክለኛው ደጅ የሚገባም በአጥር የሚዘልም አለ። የፋብሪካ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ፋብሪካው ወኪል አድርጎ በሾመው አስመጪ በኩል በገባው መኪና ላይ፥ በዚያው አገር ብቻ ነው። ለሌላ አገር ገበያ ተሠርቶ በሦስተኛ ሰው እጅ ወደዚህ የመጣ ሞተር ብሲክሌት ከእውነተኛው ፋብሪካ የወጣ ቢሆን እንኳ ወኪሉ «እኔ አልሸጥሁትም» ለማለት ይችላል። የጉምሩክ ሰነድ የሌለውን የገዛ ሰውማ ዋስትናውን ብቻ ሳይሆን መኪናውንም ጭምር ሊያጣ ይችላል። በዋጋው ያተረፈው ጥቂት ብር በመለዋወጫውና በክርክሩ ተመልሶ ይወጣል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሌላ ጊዜው አዲስ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና በፍጥነት በመስፋፋት ላይ ነው፤ ሞተር ብሲክሌቱም ወደዚያው እያዘነበለ ይገኛል። የዚህ መኪና ትልቁ ዋጋ ባትሪው ነው። ባትሪ እንደ ብረት አይሰበርም፤ ቀስ በቀስ ይደክማል እንጂ። ስለዚህ «የሁለት ዓመት ዋስትና» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ባትሪው ከመጀመሪያው ኀይሉ ስንት እጅ ሲቀረው ይለወጣል ተብሎ በቍጥር ካልተጻፈ፥ ሻጩ «ይሠራል» ገዢው «አይሠራም» ሲባባሉ ዘመኑ ያልፋል። ብርቱ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ እንደሚያሳጥር የታወቀ ነውና በድሬ ዳዋ የሚገዛ ሰው ዋስትናው ለምን ያህል ሙቀት እንደሚጸና መጠየቅ ይገባዋል። ለደጋው የተጻፈ ተስፋ ለቆላው ላይበቃ ይችላል።

በሌላው ዓለም ያለውንም ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካ መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ የዋስትና ጽሑፍ ለሰው ሁሉ በሚገባ ቋንቋ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ፋብሪካውም የራሱን ስም የያዘ መለዋወጫ በገንዘባችሁ ካልገዛችሁ ዋስትናው ይፈርሳል እንዳይል ከለከለ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ሸማች ከነጋዴ ለገዛው ዕቃ ሻጩ ሁለት ዓመት እንዲጠየቅ ወሰነ። በእነዚያም አገሮች ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ ይታያል፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚጀመረው ግልጥ ከሆነ ጽሑፍ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ሻጮችና አስመጪዎች የዋስትናውን ወረቀት በባዕድ ቋንቋ እንደ መጣ ሳይሆን በአማርኛ፥ በከተማዪቱም በብዛት በሚነገሩት በኦሮምኛና በሶማልኛ ተርጕመው መስጠት ይገባቸዋል። መለዋወጫና የተፈቀደ ጋራዥ በድሬ ዳዋ ሳይኖራቸው ዋስትና መስጠት ተስፋን መሸጥ ነው፤ ለአንድ ኩሽኔታ ባጃጁን አዲስ አበባ ድረስ ጭኖ የሚልክ ሰው ዋስትና አለው ለማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፥ ንግድን የሚቈጣጠሩ ሹማምት ፈቃድ ሲሰጡና ሲያድሱ አስመጪው የመጠገኛ ቦታ፥ መለዋወጫና የታወቀ የዋስትና ቃል ያለው ስለ መሆኑ ቢመረምሩ፥ አስቀድመን የተናገርነውንም የገለልተኛ ምርመራ ሥርዓት ቢያቆሙ፥ አቤቱታው ከደጃቸው ሳይደርስ ግማሹ ይቀርላቸው ነበር። የሚመጣውን አቤቱታ የሚሰሙትም ዳኞች ወረቀቱ ዝም ባለበት ስፍራ ሕጉ ዝም እንዳላለ ያስታውሱ ዘንድ ይገባል።

ሦስተኛ፥ ሕዝቡ የሚያምናቸውና ምክር የሚጠይቃቸው ካህናትና ሌሎችም የተማሩ ሰዎች በዚህ ነገር ትልቅ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። ማንበብ የማይችል ሰው ጣቱን በቀለም ነክሮ ከመፈረሙ በፊት ውሉን ይዞ ቢመጣ አንብበው ቢያስረዱት፥ ይህ ከምጽዋት የማያንስ በጎ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ገዢው ራሱን ይጠብቅ። ደረሰኙን ይቀበል፤ በደረሰኙ ላይ የሞተሩና የሻንሲው ቍጥር ከመኪናው ጋራ መስማማቱን ይይ፤ የዋስትናው ወረቀት ቀንና ማኅተም ያለው መሆኑን ይመልከት፤ ምርመራውን በቀኑ ያስደርግ፤ ስለ እያንዳንዱ ጥገናም ጽሑፍ ይያዝ። ጕድለት ያየ እንደ ሆነ መንዳቱን ትቶ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ያመልክት፤ የማመልከቻውንም ግልባጭ ይያዝ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና።

ሻጭ ለሸጠው ዕቃ የቆመ፥ ገዢም ለገዛው ዕቃ የተጠነቀቀ እንደ ሆነ፥ ዋስትና የጠብ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ የመተማመን ማሰሪያ ይሆናል። ከሐዲድ የተወለደችው ድሬ ዳዋ ንግድ በእምነት እንደሚጸና በብዙ ዓመት ልምድ የምታውቅ ከተማ ናትና፥ ሹማምቱም ነጋዴዎቹም ይህን አስተውለው ሥርዓት እንዲያበጁለት ተስፋ እናደርጋለን።